አገር ስጠኝ

አዲስ አበባ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ስብሰባ ላይ "እንስሳ ብትሆን ምን ትሆናለህ?" ተባልኩ። "በግ" አልኩ፤ ሳቁ። መካነ ሰላም ላይ ደብተሬም ዩኒፎርሜም የተገዛው በበግ ነው፣ ቀልዴን አልነበረም።

ቀጥሎ "አገርህ የት ነው?" ሲመጣ ግን ክፍሉ ጭጭ አለ። ድሮ ለመዛመድ የሚጠየቅ ነገር ነበር፤ አሁን ብሔር መመዝገቢያ መስሏል። "ቦረና" ስል ደግሞ የወሎውን ከኦሮሚያው ለመለየት ሌላ ስብሰባ ያስፈልጋል።

በሳምንቱ ጠያቂው እኔ ነበርኩ። "እንቆቅልሽ!" አልኩ።

"ምን አውቅልህ!" ከማንም የማያወራው የሰርቨሩ ልጅ ሳይቀር።

"ሲፈልጉት ይጠፋል፣ ሲተኙ ይመጣል።"

መብራት አሉ፣ ውሃ አሉ። (ውሃም ያስኬዳል።) አቃታቸው። "በሉ አገር ስጡኝ!" ደንቡ ነው፤ መልስ ያጣ አገር ይሰጣል። አንዷ ጅማን ሰጠችኝ፣ አንዱ ፓሪስን። የሰርቨሩ ልጅ ቀስ ብሎ "ደምቢ ዶሎን ውሰድ" አለ። የት እንዳደገ ያወቅነው ያኔ ነው።

መልሱ ኔትወርክ ነበር። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው የፈጠርኩት።

ስብሰባው ሲያልቅ ልጁ ጠጋ አለኝ። "እናትህን በስልክ ታገኛታለህ?"

"አንዳንዴ።"

"እኔም።"