ዕቃውን ማን ይተካዋል?

«እንኳን ሰው ተረፈ፤ ዕቃ ይተካል።» የመኪና አደጋ ያጋጠመው ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይቀርም። እውነትም ነው። ማን እንደሚተካውና እንዴት እንደሚተካ ግን የሚነግራችሁ የለም።

ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን ስንመለስ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ ገጨን። ባለቤቴም፣ እኔም፣ መቀመጫዋ ላይ ታስራ የነበረችው የሁለት ዓመት ልጃችንም በሰላም ወጣን። የመኪናው ጀርባ ግን ተጨራምቶ ገባ፤ እዚያ የነበሩት ላፕቶፕና እናቴ የሰፋችልኝ መሶብም አብረው ተጨፈለቁ።

መኪናችን ሙሉ ሽፋን አለው። የኛ መድን ድርጅት ግን ውሉን ገልጦ «የተሸፈነው መኪናው ነው፤ በውስጡ ያለው የግል ዕቃ አይደለም» አለን። የቀረን መንገድ የገጪው መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ነበር። ያለዚህ መድን ማንም ተሽከርካሪ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ አይፈቅድም፤ መድኑም የአካል ጉዳትን ብቻ ሳይሆን፣ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ፣ የንብረት ጉዳትንም ይሸፍናል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ካሳውን መጠየቅ የሚቻለው ግን በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

የጠቀመን ነገር ቢኖር ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሲያነሣ ባለቤቴ የተጎዱትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ፎቶ ማንሣቱና በሪፖርቱ ላይ እንዲመዘገቡ መጠየቁ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ማስረጃ ፈለገ።

ላፕቶፑ ደረሰኝ ስላለው አላስቸገረም፤ ያገለገለበት ጊዜ ታስቦ ከዋጋው ተቀነሰ። የልጃችን መቀመጫ ግን የተሰበረ ነገር አይታይበትም ተብሎ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ከባድ ግጭት ያለፈበት የሕፃን መቀመጫ ስንጥቅ ባይታይበትም ዳግመኛ ልጅ አይታሰርበትም። የአምራቹ መመሪያም ይህንኑ ይላል። መመሪያውን ኮፒ አድርገን ስንወስድ መልሰው ጻፉት።

መሶቡ ላይ ስንደርስ የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ «ደረሰኙስ?» አለኝ።

«እናቴ ደረሰኝ አትቆርጥም» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

«እንግዲያው ፕሮፎርማ ይዘው ይምጡ» አለኝ። መርካቶ ወርጄ ተመሳሳይ መሶብ ከሚሸጡ ሦስት ሱቆች ዋጋ አጻፍኩ፤ በአነስተኛው ዋጋ ከፈሉን።

እናቴ ዓይኗ ስለደከመ አሁን አትሰፋም። በብሩ የገዛሁት መሶብ የሷን ቦታ አልያዘም፤ ለዚያ የሚሆን ካሳም የለም። እሷ ግን ስትሰማ «ስፌቴን በብር ገመቱት?» ብላ ደስ አላት።

የመድን ውላችሁን ስታድሱ «በመኪናው ውስጥ ያለው የግል ዕቃስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተጨማሪ ዓረቦን ከፍሎ ማካተት የሚቻል ከሆነ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈርላችሁ። ውድ የሆኑ ዕቃዎቻችሁን ደረሰኝም ፎቶ እያነሣችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።