ግራ እጄ ፖም፣ ቀኝ እጄ ጽጌረዳ

ቅዳሜ ጧት መርካቶ ሽቶ ልገዛ ወረድኩላችሁ። ልቤን ለሁለት የከፈሉት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የላንኮም «ትሬዞር» እና በ2006 የመጣው የኒና ሪቺ «ኒና» ናቸው። ትሬዞር ጽጌረዳና ኮክ ነው፤ ኒና ቀይ ፖም በመሰለ ጠርሙስ ውስጥ ያለ የፖም ከረሜላ!

ሻጩ ሁለቱንም አንድ እጄ ላይ ሊነፋብኝ ሲል «ኧረ በፈጠረህ!» አልኩት። ኒናን በግራ፣ ትሬዞርን በቀኝ አስነፍቼ ልወጣ ስል፣ «እህቴ፣ ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለኝ። ይውሰዳ! የወር ገቢዬን ግማሽ በአምስት ደቂቃ አልሰጥም።

መጀመሪያ ግራዬ አሸነፈች። ሎሚው፣ ፖሙ... ምራቅ ያስውጣል። በርበሬ ተራ ስደርስ ግን አስነጠሰኝና ውድድሩ ተቋረጠ። (ሽቶ የሚመርጥ ሰው በዚያ በኩል አይለፍ።) ራጉኤል አጥር ጥግ ቆሜ ንፋስ ተቀበልኩ። የሎሚና የፍራፍሬ ሽታ ቶሎ ይተናል፤ የእንጨቱና የምስኩ ነው የሚቆየው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግራዬ ላይ ስኳር ብቻ ቀረ። ቀኜ ግን ገና ወሬ መጀመሯ ነበር፤ ጽጌረዳው ከላቤ ጋር ተዋውቆ ሌላ ሽታ ሆኗል።

ተመለስኩ። ልጁ የታሸገ ካርቶን አወጣ። «ከፍተህ አሽትተኝ፣ ያው ከሆነ እከፍላለሁ» አልኩት። ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

ቀኝ እጄን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ታክሲ ያዝኩ።