ይቅር ለእግዚአብሔር

ስለ ሰላም ጽፌ ገንዘብ ተከፍሎኛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ሲገባ፣ ለአንዱ ሚዲያ ስለ እርቅ፣ ለሌላው ስለ ይቅርታ ስጽፍ ከርሜያለሁ። በዚያው ጊዜ ግን ከገዛ ታላቅ ወንድሜ ጋር አንነጋገርም ነበር።

ጠባችን ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። አባታችን ሲያርፍ ደምበጫ ዳር አንዲት የባሕር ዛፍ መሬት ቀረች። ወንድሜ ሳይነግረኝ ዛፉን ቆርጦ ሸጠ። ከአዲስ አበባ ደወልኩና ለታላቅ የማይባል ቃል ተናገርኩት፤ "አባታችንን ያስታመምኸው ለባሕር ዛፉ ብለህ ነው" አልኩት። አባታችንን ሲያነሣ ሲያስተኛ የኖረው እሱ ነው። እኔ በስልክ ነበር የምጠይቀው።

ከዚያ በኋላ ጸሎቴን አላቆምኩም። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ግን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ልቤ አያርፍም። እግዚአብሔር የራቀኝ ይመስለኝ ነበር።

መንገድ የተከፈተ ጊዜ አገሬ ገባሁና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እኛ ጋዜጠኞች ዋናውን ነገር ከላይ እንጽፋለን። ያን ቀን ግን ትንሽ ትንሹን ሁሉ ዘርዝሬ ዋናውን ዘለልኩት። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

"ወንድምህስ?" አሉኝ።

"እሱ የመሬት ጉዳይ ነው፣ የኔታ። ሽማግሌ ይዞታል።"

"የመሬቱን አልጠየቅሁህም፣ ልጄ።"

ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ "መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂድ፣ ከዚያ ተመለስ" አሉኝ። ከራሳቸው ያመጡት አይደለም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን ይዞ የመጣን ሰው፣ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይለዋል።

"እሱስ ለምን አይደውልም?" የሚለው ነገር ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። መልሱን ያገኘሁት ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው ምዕራፍ 5 ላይ ነው፤ በክርስቶስ ከእግዚአብሔር ጋር የታረቅነው ገና ጠላቶቹ ሳለን ነው። የተበደለው ራሱ ቀድሞ መጥቷል። እኔ ግን በድዬ እንኳ ቀድመው እንዲመጡልኝ እጠብቃለሁ።

በማግስቱ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልስም ስል ትከሻዬን ያዘኝ።

"ይቅር በለኝ፣ አያ።"

ብዙ ቆየ። ከዚያ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ፤ ድምፁ ተሰባብሮ።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። "ለአንተ ስል" አይልም። በደሉ ትንሽ ነበር ብሎም አያቃልለውም። ሁለት ሰዎች ሲታረቁ ሦስተኛውን መሐል ያስገባዋል። እኔ ከእግዚአብሔር ጋር ያለኝን ሰላም አንድ ቦታ፣ ከወንድሜ ጋር ያለኝን ጠብ ሌላ ቦታ አስቀምጬ ነበር። ቋንቋችን ግን ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም።

የመሬቱ ነገር እስከ ዛሬ አላለቀም። ሽማግሌዎቹ ገና እየተመላለሱ ነው። ጦርነቱም አላለቀም። እኔ ግን ወደ የኔታ ተመልሼ፣ መስቀላቸውን ተሳልሜ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ሲሉኝ፣ የታሰርኩ እንደነበርኩ ያወቅሁት ስፈታ ነው።

ወዳጄ፣ ጸሎትህ ጣሪያ አልፎ የማይሄድ ከመሰለህ፣ ሰማዩን ከመጠርጠርህ በፊት ስልክህን ክፈትና ያልደወልክለትን ሰው ስም ፈልግ። ምናልባት የኔታ አንተንም የሚጠይቁህ እሱን ይሆናል።