በኳስ ጩኸት መካከል አንድ ረጅም ተረት

ረጅም ተረት ሰሚውን የሚይዘው በፍጻሜው ሳይሆን በመቀጠሉ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሁሉ ይህን አይስተውም። አድማጩን ከሬዲዮው አጠገብ ያስቀመጠው የተራኪው ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ባለፈው ጊዜ የተቋረጠው ነገር ዛሬ ካቆመበት ይቀጥላል የሚለው እርግጠኝነትም ጭምር ነበር እንጂ። ይኸው ጸጋ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ማንም ባልጠረጠረው ስፍራ፣ ይኸውም አየር ጤና ውስጥ በሚገኝ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ታየ።

አየር ጤና ከጦር ኃይሎች ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ካራቆሬ ሳይደረስ የሚገኝ ሰፈር ነው። ቤቱ ባለ ቆርቆሮ ግድግዳ፣ ባለ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁልጊዜ በልጆች የተሞላ ነበር። የሚነግሠውም ኳስ ነው። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተረኛ ይጮኻል። በዚህ ሕግ መሠረት ጨዋታ ማለት ከአሥር ደቂቃ የማያልፍ፣ ሲያልቅም አንዳች ነገር የማያስቀር ግጥሚያ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ለመጨረስ አርባ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ተረት ይዞ የሚመጣ ልጅ ምን ይባላል?

ልጁ የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። ትምህርቱ በከሰዓት ፈረቃ ስለ ነበር፣ ጧት ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ በሰዓት ሒሳብ ለመጫወት ከባለቤቱ ጋር ተዋዋለ፤ ክፍያውንም የታክሲውን ሳንቲም በእግሩ እየሄደ አጠራቀመ። ይዞት የመጣው በገበያ ተባዝተው ከሚሸጡት ውስጥ «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» የተባለውን ባለ ሦስት ሲዲ ጨዋታ ነው። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 አውጥቶት በመላው ዓለም ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ሥራ ነው። ባለቤቱ ለጥቂት ቀናት ከተመለከተ በኋላ፣

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ ንባብ?» ሲል ጠየቀው።

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። በእርግጥም ግማሹ ንባብ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ከጃፓንኛ በጥድፊያ የተተረጎመ በመሆኑም፣ አንዲት ገጸ ባሕርይ ስለ አንድ በሽተኛ ስትናገር ለነጠላው ባለቤት የብዙ ግስ የሰጠችበት ስሕተት እስከ ዛሬ የተጫዋቾች መሳቂያ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ቢያየው በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበት ነበር። ልጁ ግን ጉልበቱ ላይ መዝገበ ቃላት ዘርግቶ ያነብ ነበር።

ያነበበውስ ምን ነበር? ሚድጋር የምትባል ከተማ አለች። ሀብታሞቹ በአየር ላይ በተዘረጋ የብረት ንጣፍ ላይ ይኖራሉ፤ ድሆቹ ከንጣፉ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጉስቁልና ውስጥ ይኖራሉ። ሺንራ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ የምድሪቱን ሕይወት ከጥልቁ እየመጠጠ መብራት አድርጎ ይሸጣል። ኩባንያው የተነሡበትን ዐማፅያን ለማጥፋት ሲል አንዱን ንጣፍ በሥሩ በሚኖሩት ሰዎች ላይ ይጥለዋል። ጨቋኝና ተጨቋኝ እንዲህ ቁልጭ ብለው የተሣሉበትን ሥራ እንደ ተራ የሕፃናት መጫወቻ ማለፍ አይገባም። አየር ጤና በሚል ስም የሚጠራ ሰፈር ልጅ ደግሞ፣ አየር የታመመባትን ከተማ ሲያይ የሚሰማው ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ክላውድ ነው። የታወቀ ጀግና ወታደር ነበርኩ ይላል። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ግን የሞተ ጓደኛውን ሕይወት የራሱ አስመስሎ ሲኖር የኖረ ተራ ወታደር መሆኑ ይገለጣል። ተጫዋቹ ያን ሁሉ ሰዓት ለብሶት የኖረው ሰው ራሱ ሌላ ሰው ለብሶ ኖሯል! ማንነትን በልብስ መለወጥ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ጀግና ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ወጥታለች። ክላውድም አንድ ጊዜ የሴት ቀሚስ ለብሶ ወደ አንድ ባለጌ ጌታ ቤት ይገባል፤ ያን ዕለት ኳስ ሊጫወቱ ማልደው የመጡት ልጆች ሳቁን አልቻሉትም።

ሳቁ ግን ልጆቹን ተመልካች አደረጋቸው። መጀመሪያ ላይ ያፌዙ የነበሩት፣ ተዋጊዎቹ ቆመው ተራ እየጠበቁ ስለሚመታቱ ነበር። ቀስ በቀስ የገበጣ ጠጠር እንደሚቆጥር ሰው ማስላት ጀመሩ፤ የትኛው መሣሪያ ለማን ይሰጥ፣ መድኃኒቱ መቼ ይዋል እያሉ ይከራከሩ ያዙ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ የጃፓን ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኪሮኦ ጌምስ የተባለው የካሜሩን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ዙፋኑን የተነጠቀ ወጣት ልዑልና ሚስቱ በስደት የሚንከራተቱበትን «ኦሪዮን»ን ከያውንዴ አውጥቷል። በሠዓሊና በደራሲ እጅ ላይ ያለ ተረት ወደዚህ መልክ ሊለወጥ እንደሚችል ለመረዳት ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወደ አየር ጤናው ቤት እንመለስ። በመጀመሪያው ሲዲ መጨረሻ ላይ አበባ ሻጯ ኤሪስ በሴፊሮዝ ሰይፍ ትወድቃለች። በጨዋታው ውስጥ በውጊያ የወደቀን የሚያነሣ መድኃኒት አለ፤ ልጁም በከረጢቱ ሞልቶት ነበር። ለእርሷ ግን አይሠራም። ያስተማራት፣ ያሳደጋት ሁሉ ከእርሷ ጋር ይቀበራል። አግዳሚው ላይ የነበሩት ዝም አሉ። ከዚያም አንዱ «መመለሻ ይኖረዋል» አለ፤ በዓለም ዙሪያ የነበሩ ተጫዋቾችም ይህንኑ ብለው ለዓመታት ፈልገዋል። መመለሻ የለውም።

የልጁ ድካም ሁሉ የተቀመጠው በአንዲት ሜሞሪ ካርድ ላይ ነበር። ካርዷ አሥራ አምስት ክፍል ብቻ ያላት ስትሆን፣ የእርሱ ድርሻ አንዷ ናት። «ጋሼ፣ እባክዎ እንዳያጠፉብኝ» ማለቱ የዘወትር ስንብቱ ነበር። ሁለተኛውን ሲዲ አጋምሶ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ የኳስ ተጫዋቾች የውድድራቸውን ውጤት ለማስቀመጥ ቦታ አጡ፤ አንዱ ጣት አንዱን ቁልፍ ተጫነ። ሰኞ ጧት ልጁ ካርዷን ከፍቶ ባየ ጊዜ ምንም አልተናገረም። ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያ በር አላለፈም።

ከዚያ ግን መጣና የመጀመሪያውን ሲዲ እንደገና አስገባ። በዚህ ጊዜ የሚሆነውን ያውቃል። ይህን የሚያውቁ ብዙ ተጫዋቾች ኤሪስን ችላ ይላሉ፤ የሚሞት ሰው ማስታጠቅ ኪሳራ ነውና። እርሱ ያገኘውን ጥሩ በትር ሁሉ ለእርሷ ሰጣት፤ በየውጊያውም ከጎኑ አሰለፋት። ባለቤቱ ወንበሩን አስጠግቶ ይመለከት ነበር።

«ልጅቷ ዛሬም ትሞታለች?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ለምንድን ነው?»

ልጁ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት እንዲያዝለት ጠየቀ።