ሐይቁን የሚያውቅ አናጢ

ከመካከላችሁ ደመወዝ መቀበል ከጀመረ በኋላ «ለእናቴ አንድ ነገር ልሥራላት» ብሎ ያላሰበ ሰው ይኖራልን? እኔም በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ ሁለት ዓመት ካገለገልሁ በኋላ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። እናቴ የምትኖረው ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው በጎርጎራ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ክረምት ሲገባ የደጁን ጭቃ ስለምትፈራ እስከ መስከረም ድረስ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሳንቃ የሆነ በረንዳ ላሠራላት ቈረጥሁ። በዚያ ላይ ተቀምጣ ሐይቁንና ታንኳውን እያየች ቡናዋን ትጠጣለች ብዬ ተመኘሁ።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍታ እንዳለው፣ ከሚገብሩለት ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ እንደ ሆኑ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው በገዛ አባቱ ግቢ የሚሠራ በረንዳ የት እንደሚቆም ሌላ ሰው መጠየቅ ያስፈልገዋል ብዬ ከቶ አላሰብሁም።

በግንቦት ወር ቦታውን በሜትር ስለካ፣ በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የቤታችንን በርና መስኮት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጥቂት ካዩኝ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህ የቆምህበት መሬት የሐይቁ ነው። አሁን ለጊዜው ሸሽቶ ነው እንጂ መስከረም ሲጠባ ተመልሶ ይመጣል» አሉኝ።

«አያ፣ አይጨነቁ፤ ዐዋቂ ሰው ይዣለሁ» አልኋቸው።

አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ይህን ስል ያየሁት የተጣፈ ሱሪያቸውንና ትከሻቸው ላይ ያለውን መጥረቢያ ነበር። የያዝሁት «ዐዋቂ» ደግሞ ከከተማ የመጣ፣ በስልኩ ውስጥ የብዙ ቆንጆ በረንዳዎች ፎቶግራፍ ያሳየኝ ሰው ነው። ፎቶግራፎቹ የማን ሥራ እንደ ሆኑ አልጠየቅሁትም። ውል አልተጻፈም፤ እማኝ አልቆመም። የገንዘቡን ግማሽ በቀብድ ከፈልሁት።

ሥራው በሁለት ሳምንት አለቀ። ምሰሶው ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ሲሆን በለስላሳው አፈር ውስጥ ተተከለ። ሳንቃው አንዱ ካንዱ ጋር ያለ ክፍተት ተጣብቆ በሚስማር ተመታ። ሲያዩት ያምር ነበር። የቀረውን ገንዘብ በደስታ ከፍዬ፣ ፎቶግራፉን በመምህራን ክፍል ለባልደረቦቼ እያሳየሁ ስኮራ ሰነበትሁ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የጣና ውሃ በሰኔ መግቢያ ገደማ ዝቅ ብሎ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል። ልዩነቱ በተለመደው ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ ቍጥር በመጽሐፍ ሲያነቡት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የደንቢያ ዳርቻ ሜዳ ስለ ሆነ፣ ውሃው አንድ ክንድ ከፍ ሲል ወደ የብስ ብዙ እርምጃ ይራመዳል። አፈሩ ረጠበ፤ ምሰሶዎቹ ወደ ሐይቁ አዘነበሉ። ውሃ የጠጣው ሳንቃ መላወሻ ስላጣ እየተጐበጠ ሚስማሩን ነቀለው። እናቴ ግን «ልጄ የሠራልኝ ነው» ብላ አንድ ቀን ማለዳ ወጣችበት። ሳንቃው ከዳት፤ ወደቀች፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

የጎረቤት ስልክ ሲደርሰኝ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጌ ጎርጎራ እስክደርስ ድረስ ለዚያ «ዐዋቂ» ደጋግሜ ደወልሁለት፤ አላነሣም። ቤት ስገባ እናቴ እጇ ታስሮ ተቀምጣለች። አጠገቧም እኒያ ሽማግሌ አናጢ ተቀምጠዋል። ከወደቀችበት አንሥተው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዷት እሳቸው ነበሩ። «ነግሬህ ነበር» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሉኝም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው ተረት ግን ያን ዕለት ስለ እኔ የተነገረ መሰለኝ።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና በረንዳውን እንዲሠሩልኝ ለመንኋቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እንጨት መቍረጥ አልነበረም። ወደ አንድ ትልቅ ዋርካ ወስደው ውሃው በየዘመኑ የደረሰበትን በሥሩ ላይ አሳዩኝ። ሐይቁ እጅግ ሸሽቶ ጀልባ የተቸገረበትን ዓመትም ነገሩኝ። ሳሰላው 1995 ዓ.ም. ነው። እኔ ያን ዓመት የማውቀው ከንባብ ነው። ባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረ ጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው እጅም እንደሚወሰን፣ በዚያም ዓመት ውሃው እጅግ ዝቅ ብሎ እንደ ነበር አንብቤአለሁ። እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እሳቸው ከዋርካው ሥር ያውቁት ነበር።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን ያሉትም እሳቸው ናቸው። «ወረቀቱ ላንተም ለእኔም ይበጃል» አሉ። ሁለት እማኞች ፈረሙ፤ ክፍያውም በሦስት ተከፈለ። ሥራው የተጀመረው መሬቱ በደረቀበት በጥር ወር ሲሆን፣ ቦታውም ከፊተኛው ዐሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ቤቱ ቀረበ። ለምሰሶ የተጠቀሙት የአያቴ የፈረሰ ቤት ጥድ ነው። ጥድን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። አዲስ ጥድ እንቍረጥ ብንል ደግሞ የአገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቈረጥም። ምሰሶውን አፈር ውስጥ አልቀበሩትም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆሙት እንጂ። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ተዉ። ወለሉም ዝናብ እንዳይተኛበት ወደ ውጭ በጥቂቱ አዘነበለ። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ሚስማር ከመምታታቸው በፊት በመሰርሰሪያ ይበሱ ነበር። ይህ ሁሉ አምስት ሳምንት ፈጀ።

እያገዝኋቸው ሳለ ስለ አገራችን አሰብሁ። ዐፄ ፋሲል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ጎንደርን እንደ መሠረቱ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ግንቡን ለማየት ሰው ከዓለም ዳርቻ ይመጣል። ድንጋዩን የጠረበውንና የበሩን መቃን የገጠመውን ሰው ስም ግን ማን ያውቃል? በጎንደር ዘመን ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ካገለገሉት መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ስለ እጅ ሥራቸው ያገኙት ዋጋ ብዙ ጊዜ ስድብና መገለል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኔም ማንንም በአፌ አልሰደብሁም። ነገር ግን የሽማግሌውን ምክር በሱሪያቸው መዝኜ ስንቀው ያደረግሁት ከስድብ በምን ይለያል?

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ነገ ተነገ ወዲያ እናንተም ለወላጆቻችሁ ቤት ታሠሩ ይሆናል። በስልክ የሚታይ ፎቶግራፍ አይበቃም፤ ሠሪው ቢያንስ ሦስት ክረምት ያሳለፈ ሥራውን ያሳያችሁና በእግራችሁ ቆማችሁበት እዩ። ውሃው የት እንደሚደርስ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ምስጡ የትኛውን እንጨት እንደሚበላ ጠይቁት። የሚመልስላችሁ በዚያ መሬት ላይ የኖረ ሰው ነው። ውሉን ጻፉ፤ ገንዘቡን ሥራው እየታየ ክፈሉ። የአገር ሰው ስለ ሆነም በርካሽ ይሥራልኝ አትበሉ።

አዲሱ በረንዳ አንድ ክረምት አልፎበታል። በመስከረም ሐይቁ እየገፋ መጥቶ፣ ከመጀመሪያው ምሰሶ አራት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። የእናቴ እጅ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ይጠዘጥዛታል። ያን ሰሞን ስሄድ እሷና አናጢው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ አገኘኋቸው። እኔም ሜትሬን በቦርሳዬ እንደያዝሁ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ ሐይቁ በልጅነታቸው እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው።