የሞተው ድንጋይ የትኛው ነው?

በቤተሰብ ዐምድ ላይ ስለ ባትሪ ድንጋይ ምን ይጻፋል ትሉ ይሆናል። እኛም ካለፈው ክረምት በፊት ተጠይቀን ቢሆን ኖሮ፣ ነገሩ የመገናኛ ክፍል ጉዳይ እንጂ የጓዳ ጉዳይ አይደለም ብለን በመለስን ነበር። ዕድሜያችንን ያሳለፍነው በሬዲዮ መገናኛ ሥራ ላይ ነው። በሥራ ቦታችን አንድ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚያገለግል ሳናረጋግጥ ለቅኝት የሚወጣ ቡድን አስይዘን አናውቅም። በቤታችን ግን በመሳቢያ ውስጥ የተጠራቀሙትን አሥራ ሁለት የሚሞሉ ድንጋዮች፣ ዕድሜያቸውንም ሆነ አቅማቸውን ሳናውቅ፣ በአሮጌ ቻርጀር እየሞላን ከእጅ ባትሪ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ልጆች መጫወቻ ስናዘዋውር ኖረናል። አረንጓዴ መብራት ከበራ ሞልቷል፤ ከሞላ ይሠራል። እምነታችን ይኸው ነበር።

ይህን እምነት በነሐሴ ወር አንዲት ሌሊት አፈረሰችው።

መብራት ከተቋረጠ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ስለነበር የእጅ ስልኮች ሁሉ ጠፍተዋል። እኛ ተረኛ ሆነን መገናኛ ክፍሉ ውስጥ ነበርን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ባለቤቷ ራቅ ባለ ጥበቃ ላይ የነበረ የአንድ አሥር አለቃ ሚስት ምጥ ጀመራትና የቤታችንን በር አንኳኳች። ባለቤታችን፣ መብራት ከመቋረጡ በፊት የሞላነውን የእጅ ባትሪ ከሚስማሩ ላይ አውርደው፣ ሌላ ጎረቤት ቀስቅሰው፣ ወላዷን በግራና በቀኝ ደግፈው ወደ ጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ጉዞ ጀመሩ። ዝናቡ አላባራም። መንገዱ በቀን ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ቢሆንም መካከሉን ጎርፍ የቆረጠው ቦይ አለበት፤ መሻገሪያውም ሁለት ግንድ ነው። ከቦዩ አፋፍ እንደ ደረሱ የእጅ ባትሪው ደበዘዘ፤ ጥቂት ቆይቶም ድርግም አለ። ከበራ ግማሽ ሰዓት አልፎት ቢሆን ነው። ባለቤታችን በመዳፋቸው መቱት፣ ክዳኑን ፈትተው መልሰው አሰሩት፤ አልበራም። ወላዷ እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጠች። የበሩ ዘብ ጩኸታቸውን ሰምቶ በራሱ ባትሪ እስኪደርስላቸው ድረስ ሦስቱ ሴቶች በዚያ ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ሕፃኗ ሊነጋ ሲል በሰላም ተወለደች፤ እናቲቱም ደኅና ነበረች። እኛ ይህን ሁሉ የሰማነው ከተራ ወርደን ቁርስ ሲቀርብልን ነው፤ ቁርሱም አልዋጥ አለን። የእጅ ባትሪውን የሞላነው እኛ ነንና።

መብራት በተመለሰ ጊዜ ሦስቱን ድንጋዮች አውጥተን አሮጌው ቻርጀር ውስጥ ከተትናቸው። እንደ ልማዱ አረንጓዴውን አበራ። በቴስተር ብንለካቸው ሦስቱም 1.3 ቮልት ከምናምን አሉ። ሦስቱም ደኅና፣ ሦስቱም ሙሉ! በንዴት አሥራ ሁለቱንም ጠራርገን እንጣልና አዲስ እንግዛ አልን። ባለቤታችን ግን ድንጋዮቹን እንደሚለቀም ምስር በሰፌድ ላይ ዘርግተው አንድ ጥያቄ ጠየቁን።

«ለመሆኑ ከነዚህ ውስጥ የሞተው የትኛው ነው?»

መልስ አልነበረንም።

ቴስተሩ ዋሽቶን አይደለም፤ የጠየቅነው ሌላ ጥያቄ ሆኖ ነው እንጂ። ቮልት የሚናገረው ውኃው በዕቃው ውስጥ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ነው። ቀጭን ጠርሙስና እንስራ ጎን ለጎን ቆመው እኩል ከፍታ ድረስ ቢሞሉ፣ ከፍታቸውን ብቻ ለሚለካ ሰው አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ሲቀዱ ነው። ያረጀ ድንጋይ ከውስጥ እየጠበበ ስለሚሄድ በጥቂቱ ይሞላል፤ ሥራ ፈትቶ ሲለካ ቮልቱ ከአዲሱ እምብዛም አያንስም፤ ሥራ ሲጀምር ግን ቶሎ ይነጥፋል። የዕቃው ስፋት የሚለካው በሚሊአምፔር ሰዓት ነው። በድንጋዩ ገላ ላይ 2000 ወይም 800 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይኸው ነው። 2000 የሆነ ድንጋይ 500 ሚሊአምፔር በሚበላ መብራት ውስጥ ቢገባ አራት ሰዓት ያህል ያበራል። ቁጥሩ ግን ድንጋዩ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እውነት የነበረ ነው፤ ያውም እውነት ከነበረ። ዛሬ ስንት እንደ ቀረው ማወቅ የሚፈልግ ሰው ድንጋዩን ሞልቶ፣ በታወቀ ልክ እያፈሰሰ፣ እስኪነጥፍ ድረስ ሰዓቱን መቁጠር ይኖርበታል። በወጣትነታችን ይህን በአምፖልና በእጅ ሰዓት ሠርተነዋል። ለአሥራ ሁለት ድንጋይ ግን እንቅልፍ ማጣት አልፈለግንምና፣ ሥራውን በራሱ የሚሠራ ቻርጀር ለመግዛት ወሰንን።

ለፈቃድ አዲስ አበባ በሄድንበት ጊዜ መርካቶ ገባን። የመጀመሪያው ሻጭ ያሳየን ቁጥር የሚያወጣ መስኮት ያለው፣ ያማረ ቻርጀር ነው። ቁጥሩ ምንድን ነው ብንለው «የገባው ነው» አለን። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ሲሞላ የገባውን ብቻ የሚቆጥር ቻርጀር መርማሪ አይደለም። ከሚገባው ኃይል ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ያረጀ ድንጋይ ደግሞ እየጋለ ብዙ ሊውጥ ስለሚችል የሞተው ከሕያው በልጦ የሚታይበት ጊዜ አለ። መቆጠር ያለበት የወጣው ነው። «አፍስሶ ይቆጥራል ወይ?» ስንለው ሻጩ መልሱን ከካርቶኑ ላይ ፈለገው፤ አላገኘውም።

ሁለተኛው ቤት ያሳዩን ዋጋው ቀላል ቢሆንም ድንጋዮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚሞላ ነው። የአሮጌው ቻርጀራችን በሽታም ይኸው ነበርና ወዲያው መለስነው። ሁለት ድንጋዮችን እንደ አንድ የሚቆጥር ቻርጀር ደካማውን ከመጠን በላይ ያግላል፤ ወይም ብርቱውን ሳይሞላ ይተወዋል። እያንዳንዱ ጎሬ ለብቻው መሥራትና ለብቻው መቁጠር አለበት።

በሦስተኛው ቤት የፈለግነውን አገኘን፤ ዋጋው የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ነበር። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣ ፓወሬክስ፣ ኦፐስ፣ ሊቶካላ፣ ኤክስታርና ሌሎችም አሉ፤ ሆኖም የአንድ ኩባንያ ቻርጀር ሁሉ አፍስሶ አይቆጥርምና ከስሙ ይልቅ መግለጫውን ማንበብ ይበጃል። እኛ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን አነበብን። ሻጩ ሻይ አስመጣልን፤ ሳይሰለቸንም አይቀርም። የተመለከትነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የመሙያውን ልክ መምረጥ መቻሉ ነው። ለደብል ኤ ድንጋይ ከ500 እስከ 1000 ሚሊአምፔር፣ ለትሪፕል ኤ ከ300 እስከ 500 ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል። በዝግታ መሙላት ሁልጊዜ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለዚህ ዓይነቱ ቻርጀር ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ድንጋዩ ሲሞላ ቮልቱ በጣት የማይቆጠር ያህል ዝቅ ይላል፤ ቻርጀሩም የሚያቆመው ያችን ምልክት አይቶ ነው። ልኩ እጅግ ካነሰ ምልክቷ ትደበዝዝና ቻርጀሩ ሳያቆም ድንጋዩን ያቃጥላል።

ሌላው የተመለከትነው የኃይል መግቢያውን ነው። ሙሉ ምርመራ ማለት መሙላት፣ ማፍሰስ፣ ደግሞ መሙላት ሲሆን፣ ለ2000 ድንጋይ በ500 ልክ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። መብራት መካከል ላይ ቢቋረጥ ቆጠራው ሊጠፋና ከሀ ሊጀመር ነው። የመረጥነው ቻርጀር 12 ቮልት የሚቀበል በመሆኑ ከሶላር ባትሪያችን ጋር አገናኘነው። ይህን የሚያደርግ ሰው መሣሪያው እስከ ስንት ቮልት እንደሚችል አስቀድሞ ከመግለጫው ያረጋግጥ፤ ፀሐይ በጠነከረች ጊዜ የሶላር ባትሪ ከ12 ቮልት በላይ ይወጣልና።

ምርመራው አራት ቀን ፈጀ። ባለቤታችን ከልጃችን ደብተር ገጽ ገንጥለው በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በፕላስተር ቁጥር ለጠፉና ውጤቱን መዘገቡ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ከ1600 በላይ ሰጡ። ሦስቱ በ1000ና በ1300 መካከል ነበሩ። አንዱን ቻርጀሩ ጨርሶ አልቀበልም አለ። አሥራ ሁለተኛው 340 ሰጠ፤ እርሱም ከእጅ ባትሪው ከወጡት ሦስቱ አንዱ ነበር። ጓደኞቹ 1810ና 1760 ሰጥተዋል።

ወረቀቱን ይዘን ሒሳቡን ሠራን። የእጅ ባትሪያችን 500 ሚሊአምፔር ያህል ይበላል። 340 ለ500 ሲካፈል አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ድንጋዮቹ በእጅ ባትሪ ውስጥ ተከታትለው ስለሚቆሙ አንዱ ሲነጥፍ የሁለቱ ቮልት ብቻውን አምፖሉን አያበራውም። በዚያች ሌሊት፣ ከቦዩ አፋፍ፣ ሦስት ሰዓት ሊያበራ የሚችል ኃይል በሁለቱ ድንጋዮች ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሴቶቹ በጨለማ ቆመው ነበር። ብርቱዎቹ የነጠፈውን ወደ ኋላ እየገፉ ይበልጥ ስለሚጎዱት በየጊዜው እየከፋ የሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሥራ ሁለቱንም ጥለን ቢሆን ኖሮ ሰባት ደኅና ድንጋይ ከቆሻሻ እንጥል ነበር። ሳንጥል ብንቀር ደግሞ 340ው ተመልሶ የእጅ ባትሪው ውስጥ መግባቱ አይቀርም ነበር።

ከዚህ በኋላ ባለቤታችን ጥንቃቄያቸው ከእኛ በለጠ። «አሁን እንደ ሞላ ተለካ፤ ሚስማር ላይ ሦስት ሳምንት ሰቅለን ብንለካውስ?» አሉ። የተሞሉትን ድንጋዮች በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጥንና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳንሞላ በቀጥታ አፈሰስናቸው። አንዱ መጀመሪያ 1700 የሰጠው ድንጋይ 520 ሰጠ። ሳይነካ በራሱ ፈስሷል ማለት ነው! ድሮ የተለመዱት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋዮች አዲስ ሳሉም በወር አንድ አምስተኛውንና ከዚያም በላይ በዚህ መንገድ ያጡ ነበር። የጃፓኑ ሳንዮ በ2005 እ.ኤ.አ. ኢነሉፕ ብሎ ያወጣው፣ በኋላም በፓናሶኒክ ስም የቀጠለው ዓይነት የመጣው ይህን ለመቀነስ ነው፤ ሲወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ 85 በመቶው ይቀራል ተብሎለት ነበር። ለሚስማር ባትሪ የሚገዛ ሰው ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ይህን ዓይነቱን ቢመርጥ እንመክራለን። ስለዚህ ቻርጀር ስትመርጡ «መጀመሪያ ሳይሞላ አፍስሶ መቁጠር ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቀድሞ ሰው የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ነበር፤ በጥርሱም ይነክሰው ነበር። እኛም ነክሰናል። በተራው ድንጋይ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሬዲዮ ያሰማ ይሆናል፤ የሚሞላውን ግን ሙቀት ያስረጀዋልና ተዉት። ተራውንና የማይሞላውን ድንጋይ ደግሞ ፈጽሞ ከቻርጀር ውስጥ አታስገቡ፤ ሊፈነዳ ወይም ሊያፈስ ይችላል። በልጆች እጅ ቻርጀር የሚተው ቤት ካለ ይህችን ቃል ግድግዳ ላይ ይለጥፋት።

ሴቶቹን የደረሰላቸው ዘብ ወሬውን ሰምቶ የራሱን ባትሪ ድንጋይ ይዞ መጣ። የእርሱ 18650 የሚባለው፣ ወፈር ያለው የሊቲየም ድንጋይ ሲሆን ገላው ላይ 9800 ተጽፎበታል። በዚህ መጠን የሚሠሩ የታወቁ ፋብሪካዎች ድንጋዮች 4000 ገደማ ሲደርሱ ትልቁ ቁጥራቸው ነው። ብንለካው 1140 ሰጠ። ዘቡ ቁጥሩን አየና «ለዚያች ሌሊት ግን በቅቷል» አለን። እውነቱን ነው።

ይህን ስንጽፍ የአሥር አለቃው ባለቤት ሕፃኗን አዝላ፣ አራት ድንጋይ በመሐረብ ቋጥራ ከባለቤታችን ጋር ተቀምጣለች። የእጅ ባትሪ ገዝተው በበራቸው ላይ ሰቅለዋል። ሁለቱ ድንጋዮች 1850ና 1870 ሰጥተዋል፤ አራተኛው 410 ላይ ቆሟልና ባለቤታችን በፕላስተሩ ላይ በቀይ መስቀል አደረጉበት። ሦስተኛው ገና በመፍሰስ ላይ ነው፤ 1120 ደርሷል።