ፊርማ የሌለበት ቀን

መጋቢት 2012 ኮቪድ አገር ውስጥ ገብቶ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ሲወሰን፣ እኔ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበርኩ። ያኔ የደረስኩበትን ነገር ለአለቃዬ ሳልነግረው ቀረሁ፦ የቀን ሥራዬ ከምሳ በፊት ያልቃል። ቢሮ ሳለሁ ከ2፡30 እስከ 11፡30 የሚፈጅብኝ ያው ሥራ ነው። የተረፈው ሰዓት የት ይገባ እንደነበር አላጣሁትም። ሻይ፣ ስብሰባ፣ ቲተር ያዥ ፍለጋ፣ የሰዓት ፊርማ። ዝም ያልኩት ሥራ እንዳይጨመርብኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

በኋላ ዋግ ኽምራ፣ ሰቆጣ ስገባ ይህን ምስጢር ለአክስቴ ልጅ ሹክ አልኳት። ደሃና ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሳቀችብኝ።

«ታዲያ እኛን ማን አስፈርሞን ያውቃል?»

እውነቷን ነው። መንግሥት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሴቶች እየመደበ፣ ደመወዝ እየከፈለ፣ ከአለቃ ዓይን አርቆ ሲያሠራ ኖሯል። ጤና ኬላ አላቸው፤ ሥራው ግን አቀበቱን ወጥተው ከሚያንኳኩት ቤት ነው። የሚመዘኑት በቤተሰብ ማህደሩ ነው፦ የትኛው ሕፃን ክትባት ቀረው፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር ክትትል አቋረጠች፣ የማን ቤት መጸዳጃ የለውም። እኔን ስንት ጉዳይ ጨረስክ ያለኝ የለም። ባረፍድ ግን ወዲያው ይታወቃል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከቤት የሚሠራበት ዕድል ይስፋ ሲባል ወሬው ሁሉ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ግን በአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ተዘግቶ ቆየ፤ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ደንብ ዋግ ኽምራን አያውቃትም። ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት መረብ ወረዳኔትም፣ እኔ እስካየሁት፣ የአለቆችን ስብሰባ ወረዳ ድረስ አወረደ እንጂ የባለጉዳዩን ፋይል ወደ ላይ አላወጣም።

እዚህ የሚከብደው ማህተሙን ከመሳቢያ ማውጣት ነው። ከዝቋላ ቆላ ሰቆጣ ድረስ የመጣ ገበሬ «ፈራሚው ስብሰባ ናቸው» ይባላል። ፈራሚውማ ከቢሮ ርቀው መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ መመሪያም አላስፈለጋቸውም።

ደንቡን የማረቅቀው እኔ ብሆን፣ የቀበሌ ባለሙያ ራሱ ፈርሞ የሚጨርሳቸውን ጉዳዮች በመዘርዘር እጀምር ነበር። ለአክስቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኳት።

«ጥሩ» አለች። «በእግራችን ለምንዞረውስ የጫማ ይታሰብልናል?»